ሮቶው ላይ ጥላ ይሠራ

በሀደሮም ሆነ በዱራሜና በሆሳዕና በየግቢው የዋና ገንዳ አይገኝም፤ ሮቶ ግን አለ። ገንዳን የሚያስቸግረው አረንጓዴ አልጌም ሮቶን አይምርም። ክዳኑ ሲነሳ ግድግዳው ላይ ተለጥፎ የሚታየው፣ በጣት ሲነካ የሚያሟልጨው ነገር እሱ ነው። ይህን ያየ ሰው ብዙውን ጊዜ የሚሮጠው ወደ በረኪና ነው። እኔ ግን ከበረኪናው በፊት ብርሃኑ ይከልከል ባይ ነኝ።

አልጌ እንደ ማንኛውም ቅጠል ምግቡን የሚሠራው በብርሃን ነው። ብርሃን የሚያሳልፍ ነጣ ያለ ሮቶ ፀሐይ ላይ ሲውል፣ ክዳኑም በደንብ የማይገጥም ከሆነ፣ እንዲራባ የሚፈልገውን ሁሉ ያገኛል። ከጣሪያ የሚወርደው የዝናብ ውሃ ደግሞ የወፍ ኩስና የረገፈ ቅጠል እያጠበ ሲገባ ናይትሮጂንና ፎስፈረስ ይጨምርለታል። በረኪና ያገኘውን ይገድላል፤ ነገር ግን ክሎሪን ራሱ ፀሐይ ሲያገኘው ኃይሉን ያጣል፣ ከቆሻሻው ጋር ሲዋጋም ያልቃል። ብርሃኑ እስካልተዘጋ ድረስ አረንጓዴው ተመልሶ ይመጣል። እ.ኤ.አ. በ2016 በሪዮ ኦሊምፒክ የዝላይ ገንዳው ድንገት አረንጓዴ ሲሆን አዘጋጆቹ የሰጡት ምክንያት 80 ሊትር ሃይድሮጂን ፐርኦክሳይድ ተጨምሮ ክሎሪኑን ማርከሱን ነው። ባለሙያ ተመድቦለት የሚጠበቅ ገንዳ እንዲህ ከሆነ፣ በግምት በሚንጠባጠብ በረኪና ብቻ የሚጠበቅ ሮቶ ምን ዋስትና አለው?

«አረንጓዴው ማንን ገደለ?» የሚል አለ። ግድግዳ ላይ የሚበቅለው ተራ አልጌ ብዙውን ጊዜ መርዝ የለውም፤ ልክ ነው። ሆኖም ዝልግልጉ ለባክቴሪያ መሸሸጊያ ይሆናል፣ ለመጠጥ የጨመርነውንም ክሎሪን ይጨርሳል። የቆመ ውሃ ደግሞ ከዚህም ይብሳል። በቆቃ ሐይቅ ተመራማሪዎች ያገኙት ማይክሮሲስቲስ የሚባለው ዝርያ ጉበት የሚጎዳ መርዝ ያመነጫል፤ መርዙም በማፍላት አይጠፋም። አረንጓዴ የኩሬ ውሃ ሮቶ ውስጥ ፈጽሞ መገልበጥ የለበትም።

ከሁሉ የሚከብደው ተቃውሞ የውሃ እጥረት ነው። ቧንቧ በፈረቃ ለሚደርሰው ቤተሰብ ሙሉ ሮቶ ደፍተህ እጠብ ማለት ግፍ ነው። ግን መድፋት አያስፈልግም፤ ፈረቃው ሊደርስ ሲል፣ ውሃው ወደ ታች ሲወርድ መሥራት ይቻላል። 5 በመቶ ክሎሪን ያለውን ሽታ አልባ በረኪና 40 ሚሊ ሊትር ያህል በ10 ሊትር ውሃ በጥብጦ፣ ረጅም እጀታ ባለው ብሩሽ ግድግዳውን መፈግፈግ፣ ጥቂት አቆይቶ ማለቅለቅ፣ እጣቢውን ሁሉ በታች ማውጣት ነው። ሮቶው ውስጥ መግባት ግን አደገኛ ነው፤ የበረኪናው ትነት ያፍናል። በረኪናን ከሽንት ቤት ማጽጃ አሲድ ጋር መቀላቀልማ የሚታሰብ አይደለም። ወጪውን በተመለከተ፣ አዲስ ጥቁር ሮቶ ግዙ ማለቴ አይደለም። ጥቁሩ ብርሃን ቢከለክልም ፀሐይ ላይ ሲውል ውሃውን ያሞቀዋል፤ የቆርቆሮ ጥላ ግን ብርሃኑንም ሙቀቱንም ይቀንሳል። ቀሪውን ብርሃን ጎኑን በወፍራም ሸራ በመጠቅለል መዝጋት ይቻላል። መቆሚያውን የሚበይዱት ባለሙያዎችም ጣሪያውን አብረው ቢሠሩት ጥሩ ነው፤ ብረቱ አንዴ ከቆመ በኋላ ጥቂት ቋሚና አንድ ሁለት ቆርቆሮ መጨመር ብዙ አያስወጣም።