የፖሊስ ሥራ በምን ይመዘን?

በጮሌ ገበያው ደርቶ ሳለ አእምሮው የታወከ አንድ ወጣት ቢላዋ ወደ ገዛ አንገቱ አስጠግቶ መጮኽ ጀመረ እንበል። ገበያተኛው ገብሱንና ቅቤውን ጥሎ ይሸሻል። እናቱ «ልጄን አትንኩብኝ፤ ታሞ ነው!» እያለች ትማጸናለች። በዚህ መካከል አንድ ፖሊስ ይደርሳል።

ፖሊሱ ዱላውን መዝዞ፣ እየጮኸ ወደ ወጣቱ ቢሮጥ፣ ወጣቱም ደንግጦ ቢላዋውን ቢጥል፣ ሁላችንም «ጎበዝ!» እንላለን። ሌላው ፖሊስ ግን ሕዝቡን ያርቃል፤ እናቲቱን የልጇን ስም ይጠይቃል፤ ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ ርቀቱን ጠብቆ ያነጋግረዋል። ይህ ሁሉ ተደርጎም ወጣቱ እጁን ቢያቆስል «አልቻለበትም» ተብሎ ይታማል። እኔ በዚህ ፍርድ አልስማማም። የመጀመሪያው የቀናው በዕድል ነው፤ በሚቀጥለው ቀን ያው ሩጫ ሰው ሊያስገድል ይችላል። መምህር በነበርሁበት ጊዜ የሒሳብ መልስ በግምት ያገኘ ተማሪ ሙሉ ማርክ አይሰጠውም ነበር፤ ስሌቱን በትክክል አሳይቶ በመጨረሻው መደመር የተሳሳተው ግን አብዛኛውን ያገኛል። ፖሊስንም በውጤቱ ብቻ ሳይሆን በሠራው ሥራ መመዘን ይገባል።

ከዚህ የባሰው ሚዛን «ስንት ሰው ያዝህ?» የሚለው ነው። በ1996 ዓ.ም. በወጣው የወንጀል ሕግ አንቀጽ 48 መሠረት፣ በሕመም ምክንያት የሚያደርገውን ነገር ለመረዳት ወይም ራሱን ለመቆጣጠር ያልቻለ ሰው በወንጀል ኃላፊ አይሆንም። እንግዲህ ሕግ የማይቀጣውን በሽተኛ መያዝ እንደ ድል መቁጠር ምን ይባላል?

በአሜሪካ በሜምፊስ ከተማ እ.ኤ.አ. በ1987 ራሱን በቢላዋ ይጎዳ የነበረን አንድ ወጣት ፖሊሶች ተኩሰው ገደሉት። ፖሊስ ይመጣ ዘንድ የጠራችው እናቱ ነበረች። በማግሥቱ ዓመት ከተማው እንዲህ ላለ ችግር 40 ሰዓት የሠለጠነ የፖሊስ ቡድን አቋቋመ። ኋላም የዋሽንግተን ስቴት ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች ልምድ ያላቸውን ባለሙያዎች ጠይቀው፣ ፖሊሱ የሚፈጽመው እያንዳንዱ ተግባር ምን ያህል እንደሚጠቅም ወይም እንደሚጎዳ፣ ሁኔታው ራሱም ምን ያህል አስቸጋሪ እንደ ሆነ የሚለካ የቁጥር ሚዛን አዘጋጁ።

«ፖሊስም ሰው ነው፤ ቢላዋ ፊት ቆሞ ትሕትና መቁጠር ከየት ይመጣል?» የሚል ይኖራል። ጥያቄው ተገቢ ነው። ነገር ግን የሁኔታውን ክብደት አብሮ የሚመዝን ሚዛን የሚጠቅመው ከሁሉ አስቀድሞ ለፖሊሱ ነው። ባዶ እጁን ከተቀመጠ ሰው ጋር የተነጋገረና ቢላዋ ከያዘ ሰው ጋር የተነጋገረ በአንድ መስፈርት አይታዩም። ያልተሰጠውንም ልንጠይቀው አይገባም። እ.ኤ.አ. በ1979 የተባበሩት መንግሥታት ጠቅላላ ጉባኤ ያጸደቀው የሕግ አስከባሪዎች የሥነ ምግባር ደንብ፣ በጥበቃ ሥር ያለ ሰው ጤና ይጠበቅ ዘንድ ያዛል። ይሁን እንጂ የአማኑኤል የአእምሮ ሕክምና ሆስፒታል የሚገኘው በአዲስ አበባ ነው፤ አሰላ እንኳ ከዚያ 175 ኪሎ ሜትር ይርቃል። የጮሌው ፖሊስ ሥልጠናም መኪናም ሳይኖረው ሌሊት በሽተኛ ቢያጋጥመው፣ ዝቅተኛው ማርክ መጻፍ ያለበት በማን ስም ነው? በእርሱ ስም አይመስለኝም።

ማርኩን ማን ይስጥ የሚለው ነገር ቀላል አይደለም። አለቃው ብቻ ቢሰጥ ወዳጅነትና ቂም ይገባበታል። እኔ የወጣቱ እናት እንድትጠየቅ፣ ወጣቱም ሲሻለው ቃሉ እንዲሰማ እፈልጋለሁ። እናት ለልጇ ታዳላለች ይባል ይሆናል። ታዳላ፤ ፖሊሱ ከመድረሱ አስቀድሞ ከልጁ ጋር የነበረች፣ እርሱ ከሄደ በኋላም ከልጁ ጋር የምትቀር እርሷ ናት።