የምሳ ቅጹና የውጤት ሰንጠረዡ

እሁድ ከሰዓት በኋላ ነው፤ ለንደን። ቡናው በረካ ላይ ደርሷል፤ እኔና አንዲት ጓደኛዬ ስልኳ ላይ አፍጥጠናል። ልጇ በሴፕቴምበር ትምህርት ቤት ስለምትገባ የአንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶችን የውጤት ሰንጠረዥ እያየን ነበር። «እየው እስቲ፣ በራችን ላይ ያለው ታች ወርዷል። አስተማሪዎቹ አይሠሩም ማለት ነው?» አለችኝ። ጣቴን ወደ ሌላ ቁጥር ወሰድኩ፤ በቤተሰባቸው ዝቅተኛ ገቢ ምክንያት ነጻ ምሳ የሚፈቀድላቸው ልጆች ብዛት። ከላይ የተቀመጠው ትምህርት ቤት ውስጥ እንዲህ ያሉ ልጆች በጣት የሚቆጠሩ ናቸው። በሯ ላይ ባለው ግማሹን ይጠጋሉ።

ሰንጠረዡ ትምህርት ቤት እለካለሁ ይላል። በአብዛኛው የሚለካው ግን በበሩ የሚገቡትን ልጆች የቤት ኑሮ ነው።

እንግሊዝ የአንደኛ ደረጃውን ሰንጠረዥ ማውጣት የጀመረችው እ.ኤ.አ. በ1997 ነው፤ ከዚህ በኋላ የምጠራቸው ዓመታትም በዚያው አቆጣጠር ናቸው። ትምህርት ቤቱን ሊለቁ የተቃረቡ የ10 እና የ11 ዓመት ልጆች በሜይ ወር ንባብ፣ ሰዋስውና ሒሳብ ይፈተናሉ፤ «ሳትስ» ይሉታል። ጽሕፈታቸውን የሚመዝነው አስተማሪያቸው ነው። በ2019 በንባብ፣ በጽሕፈትና በሒሳብ የሚጠበቀውን ያሟሉት በአገር ደረጃ 65 በመቶ ነበሩ። በአመዛኙ በነጻ ምሳ ቅጽ ችግረኛ ተብለው ከተመዘገቡት መካከል ግን 51 በመቶ፣ ከቀሩት 71 በመቶ። ስለዚህ የነጻ ምሳውን ቁጥር የነገረኝ ሰው ካለ፣ የክፍሉን በር ሳልከፍት ደረጃውን በግምት እነግረዋለሁ።

በግምት ነው ያልኩት። የለንደን ድሃ ልጆች በሌላው እንግሊዝ ካሉ ድሃ ልጆች በግልጽ የተሻለ ውጤት ያመጣሉ። ድህነት የልጅ ዕጣ አይደለም፤ የአስተማሪ ድካምም ከንቱ አይደለም። ይህን ያወቅነው ግን ድሃውን ከድሃ ጋር አስተያይተን እንጂ ሰንጠረዡን ከላይ እስከ ታች አንብበን አይደለም።

ቁጥሩ ራሱም ስስ ነው። 30 ልጆች ባሉበት ክፍል አንድ ልጅ ከ3 ነጥብ በላይ ይይዛል። ሦስት ልጆች ካውንስሉ (የአካባቢው አስተዳደር) በሰጠው ባለ አንድ ክፍል ጊዜያዊ ቤት ከነቤተሰባቸው ተጨናንቀው፣ እንቅልፍ አጥተው አድረው ቢወድቁ፣ 10 ነጥብ ሄደ። አንድም አስተማሪ ሳይቀየር ትምህርት ቤቱ «ወረደ» ይባላል።

ሰንጠረዡ ልዩነቱን ቆጥሮ ቢያበቃ ምንም አልነበረም። የለንደን ስኩል ኦፍ ኢኮኖሚክሶቹ ስቲቭ ጊበንስና ስቲቭን ማቺን ውጤቱ ባማረ አንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤት አካባቢ የቤት ዋጋ ከፍ እንደሚል በጥናት አሳይተዋል። ገንዘብ ያለው ሰንጠረዡን አይቶ ሰፈር ይቀይራል፤ ልጁም ውጤቱን ይዞ ይሄዳል፤ ላይኛው ይበልጥ ላይ ይወጣል። ጓደኛዬ የምትኖረው ካውንስሉ ባገኘላት ቤት ነው። ለእሷ ሰንጠረዡ የሚነበብ እንጂ የሚመረጥበት አይደለም።

ለማረም ያልተሞከረ እንዳይመስል፣ በ2000ዎቹ የልጁን ኑሮ ከግምት የሚያስገባ ስሌት ገብቶ ነበር። በ2010 ሥልጣን የያዘው መንግሥት ከድሃ ልጅ ትንሽ መጠበቅን ያስለምዳል ብሎ ጣለው። ስጋቱ ሐሰት አይደለም፤ «ምን ይደረግ፣ ድሆች ናቸው» የሚል አስተማሪ አለ። ነገር ግን ሚዛን ስለተጣለ ሸክም አይቀልም። ለእኔ የሚሻለው በ2016 የመጣው፣ ልጁ በ7 ዓመቱ ከነበረበት ተነሥቶ እስከ 11 ድረስ የተጓዘውን መንገድ የሚያሳየው ስሌት ነው። እሱም ቢሆን በኮቪድ ምክንያት የ7 ዓመቱ ምዘና በ2020 እና በ2021 ስለቀረ፣ ለ2024 እና ለ2025 ሊወጣ አልቻለም። ጥሬው ውጤት ብቻውን ቀረ፤ ጓደኛዬ ያፈጠጠችበትም እሱ ነው።

የድህነቱ መለኪያ ራሱስ? ችግረኛ ተብሎ የሚቆጠረው በአመዛኙ የነጻ ምሳ ቅጽ የተሞላለት ልጅ ነው። በ2018 የወጣው ደንብ፣ ዩኒቨርሳል ክሬዲት የሚባለውን የመንግሥት ድጎማ የሚቀበል ቤተሰብ ለልጁ ነጻ ምሳ እንዲፈቀድለት ከሥራ የሚያገኘው ከታክስ በኋላ በዓመት ከ7,400 ፓውንድ እንዳይበልጥ ወሰነ፤ ከዚያ በአንድ ፓውንድ ከፍ ያለች የጽዳት ሠራተኛ ልጅ ሰንጠረዡ ላይ ከሐኪም ልጅ ጋር ትመደባለች። ከ2014 ወዲህ ደግሞ በመጀመሪያዎቹ ሦስት ክፍሎች ሁሉም ልጅ ምሳ በነጻ ስለሚበላ፣ እናት ቅጹን የምትሞላበት ምክንያት አይታያትም። ከ2011 ጀምሮ ለትምህርት ቤቱ ተጨማሪ በጀት የሚመጣው ግን በተመዘገበው ልጅ ልክ ነው። በእኛ ሰው ቤት በዚህ ላይ ሌላ ይጨመራል፦ ይሉኝታ።

«ልጄ ምሳ አላጣችም» አለችኝ ቅጹን ሳነሣባት። ገንዘቡ ለትምህርት ቤቱ እንደሚሄድ፣ በማንም ልጅ ፊት እንደማይነገር አስረዳኋት። ስሟን፣ የልደት ቀኗንና የናሽናል ኢንሹራንስ ቁጥሯን ሞላች። ከጨረሰች በኋላ ለቤተ ክርስቲያን ሰዎች እንዳልናገር አስማለችኝ። ስሟን ያልጻፍኩት ለዚያ ነው።