ክፋታቸው ከወዴት መጣ?

ዛሬ የማነሣልዎ ጉዳይ በመጀመሪያ ሲሰሙት የልጆች ነገር ይመስልዎ ይሆናል። በእርግጥም ስለ ጨዋታ ነው፤ ነገር ግን ከጨዋታው በስተጀርባ የተነሣው ክርክር ለተማሪም ሆነ በመሥሪያ ቤት ገና ሥራ ለጀመረ ወጣት ጸሐፊ የሚጠቅም ሆኖ አግኝቼዋለሁ። ነገር በምሳሌ፥ ጠጅ በብርሌ ይባላልና ጥቂት ታግሠው ይከተሉኝ።

በ2011 እ.ኤ.አ. ቤቴስዳ የተባለው የአሜሪካ ድርጅት ስካይሪም የሚል ስም ያለው የቪዲዮ ጨዋታ አወጣ። ታሪኩ የሚፈጸመው በረዶ በሸፈነው ምናባዊ አገር ነው። ተጫዋቹ ከተራራ ሥር ወዳሉት ጥልቅ ዋሻዎች ሲወርድ ፋልመር የሚባሉ ፍጡራን ያገኛል። ዓይነ ስውሮች ናቸው፤ ቆዳቸው የገረጣ፥ ጀርባቸው የጎበጠ ነው። በጆሮአቸው እያዳመጡ ያድናሉ፤ መርዝ የሚተፋ ግዙፍ ተባይ ያረባሉ፤ ከላይ የመጣውን ሁሉ ለመግደል ይሮጣሉ። ተጫዋቹም ሰይፉን መዝዞ ይገድላቸዋል፤ ማንነታቸውን ለመጠየቅ ጊዜ የለውም።

ይሁን እንጂ ከጨዋታው ወዳጆች መካከል ቆም ብለው የጠየቁ ብዙዎች ናቸው። «እነዚህ ፍጡራን ከወዴት መጡ? ክፋታቸውስ የተፈጥሮ ነው ወይስ ከሌላ የደረሰባቸው?» ብለው እስከ ዛሬ ድረስ ይከራከራሉ። ጨዋታው መልሱን በአንድ ቦታ አላስቀመጠውም። በየቤተ መጻሕፍቱና በየፍርስራሹ በትኖታልና እንደ ምስክር ቃል እየለቀሙ ማገጣጠም ያስፈልጋል።

የመጀመሪያው ምስክር ኖርድ የሚባለው የአገሩ ሕዝብ ነው። እንደ እነርሱ አባባል ፋልመሮች ጥንት የበረዶ ኤልፎች ነበሩ። ኤልፍ ማለት በሰሜን አውሮፓ ተረት የታወቀ ፍጡር ሲሆን፥ በዚህ ጨዋታ ጆሮው የሾለ፥ ዕድሜው የረዘመ ሕዝብ ነው። ኖርዶች ከባሕር ማዶ መጥተው ሳርታል የምትባል ከተማ ሠሩ። ኤልፎቹም በአንድ ሌሊት ወርደው ከተማይቱን አጠፉ፤ ያ ሌሊት የእንባ ሌሊት ተባለ። ከጥፋቱ ያመለጠው ኢስግራሞር አምስት መቶ ባልንጀሮቹን አስከትሎ ተመለሰና የበረዶ ኤልፎችን ከምድሪቱ ጠረገ። ይህን ብቻ የሰማ ሰው «የእጃቸውን አገኙ» ብሎ ቢፈርድ አይደንቅም።

ነገር ግን ይህን ታሪክ የጻፈው ማን ነው? አሸናፊው ነው። በዚያው ጨዋታ ውስጥ የሳርታል ፍርስራሽ ሲቆፈር ከሥሩ እጅግ ብርቱ ኃይል ያለው አስማታዊ ሉል ይገኛል። ጨዋታው ውስጥ ያለ አንድ መጽሐፍም ጦርነቱ የተነሣው በዘር ጥላቻ ሳይሆን ከከተማይቱ በታች በተገኘው ነገር ምክንያት ሳይሆን አይቀርም ይላል። ዓሣ ጎርጓሪ ዘንዶ ያወጣል የሚባለው እንዲህ ያለውን ነው።

ሁለተኛው ምስክር ስለ ፋልመር የተጻፈ የጥናት መጽሐፍ ነው፤ እርሱም የጨዋታው አካል ነው። የተሸነፉት ኤልፎች ከመሬት በታች ወደሚኖሩት ድዌመር ወደሚባሉ ጥበበኞች ሸሹ። ድዌመሮቹም አስጠጓቸው፤ በዋጋው ግን መርዛማ እንጉዳይ እያበሉ ዓይናቸውን አጠፉና ባሪያ አደረጓቸው። ከብዙ ትውልድ በኋላ ባሪያዎቹ ዐመፁ። ጦርነቱም ድዌመሮቹ በድንገት ከዓለም እስኪጠፉ ድረስ ዘለቀ።

ከዚህ በኋላ የተጫዋቾቹ መላ ምት ይጀምራል። «እንጉዳይ ዓይን ያጠፋል እንበል፤ ቋንቋና ጽሕፈት የነበረውን ሕዝብ ግን እንዴት አውሬ ያደርጋል?» ይላሉ። ጽሕፈት እንደ ነበራቸው እርግጥ ነው፤ በጨዋታው ውስጥ በፋልመር ቋንቋ የተጻፈ የዕለት ማስታወሻ አለ። ስለዚህ አንዳንዶቹ «ድዌመሮች ነፍሳቸውን ጭምር ለውጠውታል» የሚል ሐሳብ አመጡ። ማስረጃቸውም የሚናቅ አይደለም። በጨዋታው ሕግ የሰው ወገን ነፍስ የሚያዘው በጥቁር ዕንቁ ብቻ ነው፤ የእንስሳ ነፍስ ግን በተራው ዕንቁ ይያዛል። የፋልመር ነፍስ ደግሞ በተራው ዕንቁ ውስጥ ይገባል።

ግሩም ግኝት ነው! ሆኖም ወዲያው እጅዎን አያጨብጭቡ። የራሳቸውን መንጋ የሚጠብቁ ግዙፋን ሰዎችም በዚያው ጨዋታ ነፍሳቸው በተራው ዕንቁ ይያዛል፤ የእነርሱን ነፍስ ለወጠ የተባለ ግን የለም። ምናልባትም የጨዋታው ሠሪዎች ለአሠራር እንዲመቻቸው ፋልመሮችን ከአውሬ ጋር መድበዋቸው ይሆናል። እንግዲህ መላ ምቱ ይቻላል እንጂ ተረጋገጠ አይባልም። በ2003 እ.ኤ.አ. ከዚህ ጨዋታ በፊት በወጣው ክፍል ውስጥ ሪክሊንግ የሚባሉ ድንክ ፍጡራን የበረዶ ኤልፎች ትውልድ ናቸው የሚል ግምት ነበር። ስካይሪም ሲወጣ እውነተኞቹ ፋልመሮች ሌላ መልክ ይዘው ተገኙ። ማስረጃ የሌለው ግምት ላም አለኝ በሰማይ፥ ወተቷንም አላይ ነው።

ሦስተኛው ምስክር የመጣው በ2012 እ.ኤ.አ. በወጣው ተጨማሪ ክፍል ነው። ጌሌቦር ይባላል፤ ዓይኑ ያልጠፋ፥ መልኩ ያልተለወጠ የበረዶ ኤልፍ ነው። እርሱ የዋሻዎቹን ፍጡራን «የተከዱት» ይላቸዋል እንጂ ፋልመር ብሎ አይጠራቸውም። መርዙም ብቻውን ወደዚህ ዓይነት ውርደት ሊያደርሳቸው አይችልም ብሎ ያምናል።

ይህ ሰው ራሱ ግን ወንድሙን ያበላሹበት የተከዱት እንደ ሆኑ አድርጎ ለተጫዋቹ ይነግረዋል። ተጫዋቹ ሄዶ ነገሩን ሲመረምር የሚያገኘው ሌላ ነው። ወንድሙ ከራሱ ደቀ መዝሙር ደም የመጠጣት ርግማን ተጋብቶበት፥ ተንኰሉን ሁሉ የሸረበው ራሱ ነበር። ተመልሶ ይህን ሲነግረው ጌሌቦር ጥፋቱ የተከዱት አለመሆኑን ሰምቶ ይጽናናል፤ አንድ ቀን ከጥላቻቸው ይመለሱ ይሆናል የሚል ተስፋም ያድርበታል።

ውድ አንባቢ ሆይ! ከክርክሩ ሁሉ ልቤን የነካው ይህ ነው። በጠላት አፍ መታማት የታወቀ ነው፤ እነዚህን ምስኪኖች ግን የሚያዝንላቸው የገዛ ወገናቸውም ያለ ምርመራ ከስሷቸው ነበር። ክፉ የሚል ስም አንድ ጊዜ ከተለጠፈ ቀጥሎ የሚጠፋው ሁሉ በዚያው ስም ይመዘገባል። ነገ በእርስዎም ጠረጴዛ ላይ አንድ ፋይል ይቀርባል፤ በኅዳጉም ከእርስዎ በፊት የነበረው ሰው «ይህ ባለጉዳይ አስቸጋሪ ነው» ብሎ ጽፎበት ያገኙት ይሆናል። ባለጉዳዩ በእውነት አስቸጋሪ ሊሆን ይችላል፤ ፋልመሮችም በእውነት ይገድላሉ። ቢሆንም ብዕርዎን ከማንሣትዎ በፊት ያንን ቃል ማን እንደ ጻፈው፥ ምን አይቶ እንደ ጻፈው፥ ከሳሹስ ምን እንደሚያተርፍ ይጠይቁ። ከዚያም ባለጉዳዩን አስገብተው ቃሉን ከራሱ አፍ ይስሙ።