በስደት በዓል የለም አትበሉ

ወገኖቼ፣ ብዙዎቻችን «በስደት ምን በዓል አለ? አገራችን ስንገባ እናከብራለን» እንላለን። እስኪ የሕንዶቹን ዲዋሊ እንመልከት።

ብዙ ሂንዱዎች በዲዋሊ መብራት የሚያበሩት ራማ ከ14 ዓመት ስደት የተመለሰበትን ቀን ለማሰብ ነው። ሲኮች ጉሩ ሃርጎቢንድ ከእስር የተፈቱበትን፣ ጃይኖች ማሃቪራ ከመወለድና ከመሞት ዑደት ነፃ የወጡበትን ያስባሉ።

እዚህ ኡጋንዳ እ.ኤ.አ. በ1972 ኢዲ አሚን እስያውያኑን በ90 ቀን ውጡ አላቸው። ሱቅና ቤታቸውን ጥለው ወጡ። የእንግሊዟ ሌስተር ከተማ ምክር ቤት ወደ እኛ አትምጡ ብሎ በኡጋንዳ ጋዜጣ ማስታወቂያ አወጣ። ብዙዎች ግን ገቡ፤ በዓላቸውንም ይዘው ገቡ። ያቺው ከተማ ዛሬ ለዲዋሊ ቤልግሬቭ ጎዳናዋን በመብራት ታስጌጣለች።

አገር እስክንገባ ብለው ቢያቆዩት ኖሮ እዚያ የተወለዱት ልጆቻቸው ስሙንም ባላወቁት ነበር። እኔ በማስተምርበት ክፍል ስለ እንቁጣጣሽ ስጠይቅ ዝም የሚሉ የእኛው ልጆች አሉ። ይህ ያስፈራኛል።

ገንዘብ የለም እንዳንል፣ ዲዋሊ የሚበራው በትንሽ የሸክላ ኩራዝ ነው። እኛም ዶሮው ቢከብደን ቄጠማ ጎዝጉዘን ቡና እናፍላ፤ ልጆቹን ሰብስበን በዓሉ ምን እንደሆነ እንንገራቸው። መስቀልም ይሁን ዒድ፣ ሁላችንም በየእምነታችን። ዘንድሮውኑ።