ወደ መተማ የሚወርደው ሐኪም ብቻውን አይውረድ

የሰሊጥ አጨዳ ሲደርስ ከደጋው ወደ መተማ፣ ወደ ቋራና ወደ ምዕራብ አርማጭሆ የሚወርደው ወጣት ብዙ ነው። ቀኑን ሙሉ ፀሐይ ላይ ይውላል፤ ውኃው በጀሪካን የመጣ ነውና እየቆጠበ ይጠጣል። በላብ የወጣውን ካልተካ ሽንቱ ያንሳል፣ ቀለሙም ይጠቁራል፤ በውስጡ ያሉት ጨዎች እየረጉ ጠጠር ይሠራሉ። ጎኑን ወግቶት ጤና ጣቢያ የሚደርሰው ጠጠሩ ከኩላሊት ወርዶ መተላለፊያው ላይ ሲሰነቀር ነው። የሕክምና ሊቃውንት «የጠጠር ቀበቶ» የሚሉት ሞቃት ምድር ከሱዳንና ከግብፅ ተነሥቶ፣ በዓረብ አገርና በህንድ አልፎ እስከ ደቡብ ምሥራቅ እስያ ይዘልቃል። መተማ ዮሐንስ ደጃፉ ላይ ናት።

ጠጠር ብቻ አይደለም። ሽንት ተከልክለው፣ ካቴተር ገብቶላቸው፣ ከረጢት ይዘው የፕሮስቴት ቀዶ ሕክምና የሚጠብቁ አባቶች አሉ። ምጥ ጠንቶባቸው ሐኪም ቤት ሳይደርሱ በመቅረታቸው ለፊስቱላ የሚዳረጉ እናቶችም አሉ። እነዚህ ሕመሞች አብዛኛውን ጊዜ ካንሰር አይደሉም፤ ፈጥነው ስለማይገድሉም ገንዘቡም ተመራማሪውም ዘግይቶ ይደርስላቸዋል። የሰውን ጉልበት፣ ትዳርና ክብር ግን ይበላሉ።

ቆላ የተመደበ ወጣት ሐኪም ይህን ሁሉ በዓይኑ ያያል። ካርድ ላይ ይጽፋል፣ ማስታገሻ ያዝዛል፣ ሪፈር ጽፎ ይሸኛል። ያየውን ወደ ጥናት የሚለውጥበትን መንገድ ግን አጠገቡ ሆኖ የሚያሳየው ታላቅ ያስፈልገዋል። ጠጠር የሚበረታው በጥቅምት አጨዳ ነው ወይስ በመጋቢትና በሚያዝያ ሙቀት? በየእርሻው በቂ ውኃና ጥላ ቢቀርብ የሕመምተኛው ቁጥር ይቀንሳል? ካቴተር ይዘው ወረፋ ከሚጠብቁት ስንቱ በኢንፌክሽን ይመለሳል? ለዚህ ውድ መሣሪያ አያስፈልግም። ወጥ የሆነ መዝገብ፣ አንድ አልትራሳውንድና በየሳምንቱ ስልክ የሚያነሣ አማካሪ ይበቃል። አማካሪው ሰፊውን ጥያቄ ያጠብብለት፤ የሥነ ምግባር ፈቃዱን አብሮት ያስጨርስ፤ ረቂቁን መሥመር በመሥመር ያንብብለት። ጽሑፉ ሲታተም ደግሞ የመጀመሪያው ስም የወጣቱ ይሁን። በዚህ ላይ አልደራደርም፤ ሌሊቱን ተቀምጦ መዝገብ ያገላበጠው እሱ ነውና።

ከዚህ ቆላ ዓለምን የሚለውጥ ጥናት እንደሚወጣ በካላዛር ታይቷል። ካላዛር የሚይዘው ያንኑ የሰሊጥ አጫጅ ነው። እ.ኤ.አ. ከ2014 ጀምሮ በጎንደርና በአብደራፊ፣ ካላዛርና ኤችአይቪ አብረው በያዟቸው ሕሙማን ላይ ሁለት መድኃኒቶችን አቀናጅቶ የመስጠት ሙከራ ተካሄደ። የዓለም ጤና ድርጅትም እ.ኤ.አ. በ2022 ለእነዚህ ሕሙማን የሕክምና መመሪያውን ሲያሻሽል ይህን ጥናት ከመሠረቶቹ አንዱ አድርጎታል። ይህ የሆነው ጎንደር ላይ ምርምርና ሕክምና በአንድ ጣሪያ ሥር ስለተገናኙ፣ የአገሩ ሐኪሞችም ሕሙማኑ አጠገብ ሆነው ስለተመራመሩ ነው።

ስለ ማሠልጠን ካነሣን ማሚቱ ጋሼን ማለፍ አልችልም። እ.ኤ.አ. በ1960ዎቹ መጀመሪያ የምጥ ጉዳት ደርሶባት የፊስቱላ ሐኪሞቹ ዶክተር ሬጂናልድና ዶክተር ካትሪን ሃምሊን ዘንድ የመጣች፣ ፊደል ያልቆጠረች የገጠር ልጅ ነበረች። አልጋ ከማንጠፍ ጀመረች፤ ቀዶ ሕክምና ላይ መሣሪያ ማቀበል ቀጠለች፤ ቆይታም ራሷ የፊስቱላ ቀዶ ሐኪም ሆነች። የእንግሊዝ የቀዶ ሐኪሞች ሮያል ኮሌጅ እ.ኤ.አ. በ1989 ከሃምሊኖች ጋር የወርቅ ሜዳሊያ ሸለማት። አስተማሪዎቿ እጇን ይዘው ለዓመታት አብረዋት ቆሙ እንጂ በሦስት ቀን ወርክሾፕና በምስክር ወረቀት አላሰናበቷትም።

የጎንደር ዩኒቨርሲቲ እ.ኤ.አ. በ1954 የሕዝብ ጤና ኮሌጅ ሆኖ ሲቋቋም ሠልጣኞቹ ገጠር ወርደው ሕዝቡን እንዲያገለግሉ ነበር። ዛሬም ተመራቂዎቹን በቡድን ወደ ጤና ጣቢያ ይልካል። እንግዲህ የዩኒቨርሲቲው ቀዶ ሐኪሞች ሆይ፣ ከሚቀጥለው አጨዳ በፊት በመተማ ሆስፒታል የሚሠራ አንድ ወጣት ሐኪም ምረጡ፤ ስለ ሽንት ጠጠር አንድ ጥያቄ ስጡት፤ ከእናንተም አንዱ ለሁለት ዓመት ኃላፊነቱን ይውሰድ። የዞኑ ጤና መምሪያም ለመዝገቡና ለመመላለሻው በጀት ይያዝ።