ከራስ ኦፕራሲዮን በኋላ ሕፃንን ስለ መጠበቅ

ልጃቸው የራስ ኦፕራሲዮን የተደረገለት ወላጆች፤ ሐኪሙ ወጥቶ «ሥራው በደኅና ተፈጽሟል» ባላቸው ጊዜ ጭንቀታቸው ሁሉ ያለፈ ይመስላቸዋል። ደስታቸውም ተገቢ ነው። ነገር ግን ከዚያ በኋላ የሚመጡት ቀኖችና ሳምንቶች ከኦፕራሲዮኑ ሰዓት የማያንስ ጥንቃቄ የሚጠይቁ ስለ ሆኑ፤ የዛሬው ጽሑፋችን ስለ እነርሱ ይሆናል።

ማጅራት ገትር ሲባል ብዙዎቻችን የምናስበው በበጋ ወራት ከሰው ወደ ሰው በትንፋሽ የሚዛመተውን ወረርሽኝ ነው። ከኦፕራሲዮን በኋላ በሐኪም ቤት የሚይዘው ግን ምንጩ ሌላ ነው። አንጎል በሦስት ሽፋኖች ተጠቅልሎ፤ በጠራ ውሃ ተከቦ፤ በራስ ቅል ውስጥ ተዘግቶ ይኖራል። ኦፕራሲዮን ይህን አጥር የግድ ይከፍተዋል። በተከፈተውም በር፤ በሰው ቆዳ ላይ ያለ ጉዳት የሚኖረው ስታፊሎኮከስ፤ ወይም በሐኪም ቤት በእጅና በዕቃ ላይ የሚቆዩት እንደ ክሌብሲየላና አሲኔቶባክተር ያሉ ተሐዋስያን ሊገቡ ይችላሉ። የኋለኞቹ ብዙ መድኃኒት የለመዱ በመሆናቸው ሕክምናው አስቸጋሪ ነው። ለወረርሽኙ የሚሰጠውም ክትባት እነርሱን አይከላከልም።

ለዚህ አደጋ ከተጋለጡት መካከል በራሳቸው ውስጥ ውሃ የተቋጠረባቸው ሕፃናት ይገኛሉ። ሐኪሞች ውሃውን ከአንጎል ወደ ሆድ የሚያወርድ ቀጭን ቱቦ ከቆዳ ሥር ይቀብሩላቸዋል። ቱቦው ሕይወት አድን ነው፤ ዳሩ ግን ተሐዋስያን ከተጣበቁበት ሙጫ የመሰለ ሽፋን ሠርተው ስለሚሸሸጉ መድኃኒት በደንብ አይደርስባቸውም። ስለዚህ ብዙውን ጊዜ ቱቦው ወጥቶ ልጁ እንደ ገና ኦፕራሲዮን ይደረጋል።

በኡጋንዳ በምባሌ ከተማ፤ በፈረንጆች አቆጣጠር በ2000ዎቹ መጀመሪያ የሠሩት አሜሪካዊው ሐኪም ዶክተር ቤንጃሚን ዋርፍ፤ ከእነዚህ ሕፃናት ብዙዎቹን ያለ ቱቦ ማከም እንደሚቻል አሳይተዋል። በአንጎል ውስጥ ለውሃው ሌላ መንገድ ይከፍታሉ፤ ውሃ የሚያመነጨውንም ክፍል ይተኩሳሉ። ቱቦ ለግድ በሚሆንበት ጊዜም ማሻሻያ ተገኝቷል። በብሪታንያና በአየርላንድ በ1,605 ሕፃናትና አዋቂዎች ላይ ተደርጎ በ2019 የታተመው ጥናት፤ ተራ ቱቦ ከገባላቸው 100 ሰዎች 6 ያህሉ ሲመረቅዙ፤ ፀረ ተሐዋስያን መድኃኒት የተነከረ ቱቦ ከገባላቸው ግን 2 ያህሉ ብቻ መሆናቸውን ገልጿል።

ወላጆች ሊያስተውሏቸው የሚገቡ ምልክቶች እነዚህ ናቸው፦ ትኩሳት፤ ማስታወክ፤ ጡት መጥላት፤ መፍዘዝ ወይም ያለ ልማድ መነጫነጭ፤ መንዘፍዘፍ፤ የእርግብግቢት ማበጥ፤ የቁስሉ መቅላት፤ ከቁስሉም የጠራ ውሃ መፍሰስ። ትልቁ ልጅ አንገቱ ሊገተር ይችላል፤ ጨቅላው ግን ሳይገተርም ሊታመም ይችላል። ከእነዚህ አንዱ ቢታይ፤ ሌሊትም ቢሆን፤ ኦፕራሲዮኑ ወደ ተደረገበት ሐኪም ቤት መሄድ ይገባል። ከመድኃኒት መደብር በግምት ገዝቶ መስጠት ግን ተሐዋስያኑን በምርመራ ለማግኘት ያስቸግራል፤ ውድ ጊዜንም ያሳልፋል።

በ1847 በቪየና ዶክተር ኢግናጽ ዜመልቫይስ ሐኪሞች ወደ ወላዶች ከመቅረባቸው በፊት እጃቸውን በክሎሪን ኖራ ውሃ እንዲታጠቡ ባደረገ ጊዜ የእናቶች ሞት እጅግ ቀነሰ። ያ ትምህርት ዛሬም አላረጀም። በሽተኛ መጠየቅ ከመልካም ልማዶቻችን አንዱ ነው፤ ሆኖም ራሱ የተቀደደ ሕፃን ባለበት ክፍል አሥር ሰው ገብቶ ልጁን በየተራ ቢስመው ፍቅሩ ጉዳት ይሆናል። ጠያቂው ከበር ላይ «እግዜር ይማረው» ብሎ ቢመለስ ማንም አይቀየመውም። እናትም አስታማሚውን «እባክዎ፤ እጅዎን ታጥበዋል?» ብትል ድፍረት አይደለም።

በመጨረሻም፤ በየመሥሪያ ቤቱ ወረቀት የምትፈርሙ ሹማምንት ሆይ፤ የሳሙና፤ የእጅ ማጽጃ አልኮልና የተሰበረ የውሃ ቧንቧ ጥያቄ ከፊታችሁ ሲቀርብ ትንሽ ወጪ መስሎ ይታያችሁ ይሆናል። ነገር ግን በዚያ ወረቀት ጫፍ፤ ራሱ በነጭ ፋሻ የተጠቀለለ አንድ ልጅ ተኝቶ እንደሚጠብቅ አትርሱ።