ባለ አንድ መኝታ የሚገዛ ሰው ጣሪያም እንደሚገዛ ይወቅ

እንግሊዝ አገር የሚኖር የቀድሞ ተማሪዬ ሰሞኑን አንድ የሽያጭ ማስታወቂያ ላከልኝ። ገጠር ያለ የድሮ ባላባት ቤት ታድሶ ለብዙ መኖሪያ ተከፋፍሏል፤ ከነሱ አንዱ ባለ አንድ መኝታ ይሸጣል። "ቲቸር፣ እኛስ የመኳንንቱን ቤት ለምን እንዲህ አናደርግም?" ይላል። ጥያቄው ለሁላችሁም ስለሚሆን እዚሁ ልመልስ።

እኛም እኮ ከፋፍለናል! የ1967ቱ አዋጅ ቁጥር 47 የከተማ ቦታንና ትርፍ ቤትን የመንግሥት ሲያደርግ ለአንድ ቤተሰብ የቀረለት አንድ መኖሪያ ቤት ነው። አዲስ አበባ ውስጥ ከመኳንንቱ ቤቶች አንዳንዱ ቢሮ ሆነ፣ አንዳንዱ በኮምፔንሳቶ እየተከፈለ የቀበሌ ተከራይ ገባበት። ስለዚህ ማከፋፈሉ ለእኛም አዲስ አይደለም። ልዩነቱ ያለው ጣሪያው የማን ነው የሚለው ላይ ነው።

የቀበሌ ተከራይ ጣሪያው ሲያፈስ ባልዲ ያስቀምጣል። ምን ያድርግ? ቤቱ የሱ አይደለም፣ ነገ ተነሣ ሊባል ይችላል። ቀበሌስ በትንሽ ኪራይ ስንት ቆርቆሮ ይገዛል? ያ ኪራይ ለስንቱ ድሃ መጠለያ ሆኗል፤ እሱን መካድ ነውር ነው። ለጥገና የሚሆን ገንዘብ ግን ከየትም አልመጣም። የራስ ብሩ ቤት የአዲስ አበባ ሙዚየም ሆኖ ቆሟል፤ ደግ ነው፣ ግን አሮጌ ቤትን ሁሉ ሙዚየም ማድረግ አይቻልም።

እንግሊዞቹም ቢሆኑ ዝም ብለው እዚህ አልደረሱም። ባለፈው ክፍለ ዘመን ግብሩና ወጪው ባለቤቶቹን ስላስጨነቀ ከአንድ ሺህ በላይ እንዲህ ያሉ የገጠር ቤቶች ፈርሰውባቸዋል። በፈረንጆቹ 1970ዎቹ ኪት ማርቲን የሚባል አርክቴክት እንደ ዲንግሊ ሆል ያሉትን እየገዛ ለብዙ ነዋሪ መከፋፈል ጀመረ። ዛሬ እዚያ አንድ መኝታ የሚገዛ ሰው ለጣሪያው፣ ለግቢውና ለኢንሹራንሱ በየጊዜው መዋጮ ይከፍላል። ቤቱ በቅርስነት የተመዘገበ ከሆነ ደግሞ መስኮት ለመቀየር እንኳ ፈቃድ ያስፈልገዋል። ማስታወቂያው ላይ ያለው ዋጋ መጀመሪያው ብቻ ነው።

ሕጉ እኛም ጋ አለ። የጋራ ሕንፃ ቤት አዋጅ ቁጥር 370/1995 የኮንዶሚኒየም ባለቤት ከራሱ ክፍል ሌላ በጋራ መጠቀሚያውም ድርሻ አለው ይላል፤ የባለቤቶች ማኅበርም፣ ለጋራ ወጪ መዋጮም አለበት። ኑሯችን ግን ሌላ ነው። የደረጃው አምፖል ሲቃጠል ስንቱ በስልኩ መብራት እየወጣ ይከርማል! በሩን ከዘጋ በኋላ ያለው ብቻ የሱ ይመስለዋል።

እዚሁ ኦቶናን እዩ። በ1920 ዓ.ም. ወላይታ የገቡት የኤስ አይ ኤም ሚሲዮኖች ሥራ የጀመሩበት ሰፈር ዛሬ የዩኒቨርሲቲያችን ሆስፒታል አለበት። ባለቤት ተቀያይሯል፣ ዘመን ተቀያይሯል፤ ታማሚ ግን ዛሬም ይመጣበታል። ለቤትም ከባዶ ቅርስነት ሰው ቢኖርበት ይሻለዋል የምለው ለዚህ ነው።

እና መልሴ፦ አዎ፣ አሮጌዎቹን ቤቶች አድሰን ሰው እናስገባባቸው። ነገር ግን አሁን ያሉትን ተከራዮች ሜዳ ላይ ጥለን አይደለም። መጀመሪያ ነዋሪው የማይነቀልበት ዋስትና ይሰጠው፣ ከዚያ የጥገና መዋጮ ይጠየቅ። ዋስትና የሌለውን ሰው አዋጣ ማለት ግፍ ነው።

ለባለ አንድ መኝታ እየቆጠባችሁ ያላችሁ ልጆቼ፣ ሴራሚኩን ከማየታችሁ በፊት ሦስት ነገር ጠይቁ። ማኅበር አለ ወይ? ማኅበሩ ባንክ ውስጥ ስንት ብር አለው? ጣሪያው መቼ ተጠገነ? ገብታችሁ ኮሚቴ ስትመረጡ ደግሞ "ሥራ ይበዛብኛል" ብላችሁ እንዳትሸሹ፣ አደራ።